በገብርኤል ዋዜማ የተከፈተው ጉድጓድ

ፈቃደ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ድህነትን ነበር። ወባ በአገሩ ገብታ የጎረቤቶቹን ቤት በየተራ ስታዳርስ እንኳ እንደ ሌላው ሰው አልተርበደበደም። ባዶ ጎተራ ሲያይ ግን፣ የራሱም ባይሆን፣ ጉልበቱ ይከዳው ነበር። ልጅ ሳለ ውርጭ የአባቱን ገብስ በአንድ ሌሊት አቃጥሎት፣ ቤተሰቡ ያለውን ሁሉ በአህያ ጭኖ ከደጋ ወደ ቆላ ወርዷል። በዚያ ቁልቁለት ላይ የሰማው የእናቱ የታፈነ ልቅሶ ከጎለመሰ በኋላም ከጆሮው አልወጣም። በከሚሴ ከተማ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር የእህል ሱቅ ከከፈተ በኋላ እንኳ፣ ማታ በሩን ከዘጋ ወዲያ ተመልሶ ጆንያዎቹን በእጁ ይዳብስ ነበር። መኖራቸውን ካላረጋገጠ እንቅልፍ አይወስደውም።

ታናሽ ወንድሙ በላይ በዚያ ስደት ጊዜ በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን ስለ ነበረ የሚያስታውሰው ነገር የለም። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቂታ፣ በሥራ የማይለግም ጎልማሳ ሆኖ አደገ። አባታቸው ሊሞት ሲል እጁን ይዞ ለፈቃደ «አደራህን» ብሎ ሰጥቶታል። በላይም ታላቁን «ጋሼ» እያለ ይጠራዋል፤ ከቃሉም ወጥቶ አያውቅም። ሚስት አግብቶ ጎጆ ከወጣ በኋላ እንኳ ሥራው ከወንድሙ ጋር ነበር።

ነገሩ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ፈቃደ በመኸሩ ወራት፣ በጨፋ ሸለቆ ማሽላ በረከሰበት ጊዜ፣ ያለውን ጥሪት አሟጦ ገዛ። በሱቁ ጓዳ ነቀዝና አይጥ ስለሚፈጁት እንደ አገሩ ደንብ በጉድጓድ አኖረው። ጉድጓዱ በሸለቆው ዳር፣ ጎርፍ በማይተኛበት ጉብታ ላይ፣ በወዳጁ በአደም ግቢ የተቆፈረ ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ግድግዳው በእበትና በጭድ የተለቀለቀ ነው፤ አንገቱ በድንጋይ ተገንብቶ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደንና በጭቃ ይመረጋል።

እንዲህ ያለው ጉድጓድ እህልን ከነቀዝ ይጠብቃል፤ ነገር ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። እህሉ ታፍኖ ሲከርም ውስጡ ያለው አየር ይበላሻል። የተበላሸውን አየር ዐይን አያየውም፣ አፍንጫም በወጉ አይለየውም፤ የገባበትን ሰው ሳያስጠነቅቅ ይጥላል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ክዳኑን ካነሣ በኋላ አይቸኩልም። ከፍቶ ያሳድረዋል፤ በማግስቱ የበራ ኩራዝ በገመድ ያወርዳል፤ ኩራዙ ከጠፋ ማንም አይወርድም። ይህን በጨፋ የማያውቅ የለም። ፈቃደም በላይም ያውቁት ነበር። ሌላም ደንብ አለ፤ የሰውን ጉድጓድ አፍ ያለ ባለቤቱ ቃል ማፍረስ በአገሩ ዘንድ ቤቱን ከማቃጠል ተለይቶ አይታይም።

በግንቦት ጥቂት ማሽላ አውጥተው ጉድጓዱን መልሰው መረጉት። ሐምሌ ሲገባ የእህል ዋጋ ናረ። ደሴ ላይ ደግሞ ከከሚሴም ይብስ ነበር። ያን ጊዜ ፈቃደ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳለ።

ሐምሌ ዐሥራ ሰባት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የነፍስ አባቱን ቄስ ባንተይርጋን በትንሿ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አገኛቸው። ዝናብ አባርቶ ከሣር ክዳኑ ገና ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

«አባቴ፣ ስእለት ገብቻለሁ» አላቸው። «የጉድጓዱ ማሽላ እንዳሰብኩት ከተሸጠልኝ ይህን ሣር አስነሥቼ ቆርቆሮ አለብሳለሁ።»

ቄስ ባንተይርጋ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ያማ ደግ ነበር። ባለፈው እሑድ በቅዳሴ መካከል ጠብታው ዲያቆኑ አንገት ውስጥ ገብቶ ያላለቀውን ጸሎት ‹አሜን› አሰኝቶታል።»

ፈቃደ ሳቀ። እሳቸው ግን ፊታቸው እንደ ነበረ ሆኖ፣ «ለራስህስ ምን ለመንክ?» አሉት።

«ያው ነው አባቴ። ሀብቱ ሲመጣ ስእለቱም ይደርሳል።»

«ጥበብስ?»

«ጥበብ ለእናንተ ነው። እኛ ነጋዴዎች ጥበብ ስንለምን ብንውል ሱቁን ማን ይከፍተዋል?»

«እኔ ሀብት አትሻ አልልህም» አሉ ቄሱ ዝግ ብለው። «ቆርቆሮውንም እኔው ራሴ እፈልገዋለሁ። ግን ልጄ፣ መልአኩን ሸሪክ አድርገኸዋል። ‹ካተረፍኩ ትካፈላለህ› ነው ያልከው። ከለመንክ አይቀር፣ የሚፈራውን ከማይፈራው የምትለይበት ልቡና ስጠኝ በል። እሱን ካገኘህ ማሽላው ቢሸጥም ባይሸጥም አትጠፋም።»

ፈቃደ እጃቸውን ተሳልሞ ወጣ። ቅሬታ ተሰማው። ስጦታ ይዞ መጥቶ ተግሣጽ ይዞ የተመለሰ መሰለው። ወደ ቤቱ ሲሄድም በልቡ የሚከተለውን አሰበ፤ የሐምሌው ገብርኤል ሕፃኑንና እናቱን ከፈላው ጋን ውስጥ በደኅና ያወጣ መልአክ ነው። ከእንግዲህ ማሽላው የእኔ ብቻ ሳይሆን የእሱም ነው፤ የራሱን ነገር ደግሞ እሱው ይጠብቃል። ይህ አሳብ እንደ ሃይማኖት ሆኖ ታየው። ዳሩ ግን ከሥሩ ያው የቆየው ፍርሃት ነበር።

በማግስቱ በዋዜማው ጠዋት፣ ማሽላውን ወደ ደሴ ለመጫን ከሁለት ቀን በኋላ ይመጣል የተባለው ካሚዮን ድንገት ከሱቁ ደጃፍ ቆመ። ሹፌሩ መሪውን ሳይለቅ አንገቱን አወጣና፣ «ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ካልጫንክ ባዶዬን አልቆምም፤ ሌላ ነጋዴ ይጠብቀኛል» አለ። ፈቃደ በላይን ጠርቶ፣ አህዮችን አስነድቶ፣ ጆንያዎችንና የጭነት ሸራውን አሸክሞ ወደ አደም ግቢ ገሠገሠ።

አደም ከታናሽ ወንድሙ ከዘይኑ ጋር የበሬ ቀንበር ሲጠግን አገኙት። «አካም ቡልታን!» ብሎ በኦሮምኛ ተቀበላቸው።

«ነጋያ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ፈቃደ፤ ትንፋሹ ተቆራርጦ ነበር። «አደም፣ ጉድጓዱን ዛሬውኑ ከፍተን ማውጣት አለብን።»

«መክፈቱን ዛሬ ክፈቱት፤ ማውጣቱ ነገ ነው።»

«ነገ በዓል ነው። ካሚዮኑም ዛሬ ይሄዳል።»

«ካሚዮን የሄደበት መንገድ መመለሻም አለው» አለ አደም። ቢሆንም ዶማውን አንሥቶ ተከተላቸው።

ምርጉን ፈልፍለው ክዳኑን አነሡ። ለብ ያለ፣ የረጠበ እህል የሚሸት ሙቀት ፊታቸውን ነካው። ወደ ውስጥ ሲያዩ ማሽላው ከአንገቱ በታች ወርዶ በጨለማው ውስጥ ብዥ ብሎ ታየ፤ ሰው ወርዶ ካልቆመበት በእጅ አይደረስበትም። ዘይኑ ኩራዙን አብርቶ በሲባጎ አወረደው። ነበልባሉ ከአንገቱ እንዳለፈ ሰማያዊ ሆነ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ።

አደም ጋቢውን አውልቆ፣ ጫፉን ለዘይኑ አስይዞ፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያራግቡት ጀመር። ቆይተው ኩራዙን እንደገና አወረዱት። ጠፋ። ፈቃደ አፋፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። ዐይኑን ከጉድጓዱ ሲያነሣ ደጋውን ያያል፤ የደጋው ራስ ጠቁሯል። ደመናው ከተራራው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ሸለቆው ይወርድ ነበር፤ በቦርከና ወንዝ ዳር ያሉት ከብቶችም ፊታቸውን ወደ ቤት መልሰዋል።

የአደም እናት አሮጊቷ ኡሚ፣ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው በሰፌድ እህል ያበጥሩ ነበርና ከዚያው ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አንተ ፈቃደ! ኩራዚቱ በአማርኛ ስትነግርህ አልሰማ አልካት? ነው ወይስ በኦሮምኛ ትንገርህ?»

በላይ ሳቀ። «እናታችን ኡሚ፣ ጋሼ አሁን ከቆርቆሮ ድምፅ በቀር የሚሰማው ነገር የለም።»

«አንተስ ምን ያስቅሃል? ሚስትህ ደጋ ወጥታለች ብለህ ነው የምትፈነጭ? አመልማል ስትመጣ ነው የማሳብቅብህ!»

የበላይ ሚስት አመልማል እናቷ ታማባት ወደ ደጋ ከወጣች ሰንብታለች። ምላሷ የተሳለ፣ ባሏን እንደ ዐይኗ ብሌን የምትጠብቅ ሴት ነበረች። ስትሄድም ፈቃደን በደጃፉ አግኝታ፣ «ወንድምህን ሥራ አታብዛበት፤ እንቢ ማለት አያውቅበትም» ብላው ነበር።

ነጎድጓድ ከሩቅ ተሰማ። አደም ወደ ፈቃደ ቀረበ። «ስማኝ ወንድሜ። ሸራውን በአፉ ላይ እንወጥረው፤ ዙሪያውን ቦይ እንቅደድለት፤ ይደር። ትንሽ ይረጥብ ይሆናል፤ የረጠበውን አስጥተን እናደርቀዋለን። ነገ ኢንሻአላህ ኩራዙ ይበራል።»

«ጎርፍ ቢገባበትስ? ሁሉም እኮ እዚህ ውስጥ ነው፤ አደም፣ ሁሉም!»

«ሁሉም አይደለም» አለ አደም፣ አንድ በአንድ ሰዎቹን እያየ። «እኛ ውጭ ነን።»

በዚህ ጊዜ በላይ ሸሚዙን አወለቀ። «ጋሼ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ ልውረድ። ቦርከና ሲሞላ ጠልቄ በወዲያኛው ዳር ስወጣ አይተኸኛል አይደል? አንድ ጆንያ ሞልቼ እወጣለሁ፤ አረፍ ብዬ ደግሞ ሌላ። ጥቂቱን እንኳ ብናወጣ ካሚዮኑ አይሄድብንም።»

«ዲሲ! ተው በላይ!» አለ አደም። «ውሃ ያስጠነቅቃል። ይህ አያስጠነቅቅም።»

በላይ ወደ ታላቁ ዞሮ ዐይኑን አየው፤ እንደ ልጅነቱ ቃል ይጠብቅ ነበር። «ውረድ» ቢለው ይወርዳል፤ «ተው» ቢለው ሸሚዙን መልሶ ይለብሳል። ነገሩ በዚህ ያህል ቀላል ነበር።

ፈቃደ አፉን ከፈተ። «ተው» የምትለው ቃል ምላሱ ላይ ነበረች፤ እዚያ መሆኗ በግልጽ ተሰምቶታል። ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ በእጁ ጀርባ ላይ ወደቀች፤ ትልቅና ቀዝቃዛ ነበረች። ማሽላው ሲበሰብስ፣ ሱቁ ባዶ ሲሆን፣ አህያዋ ስትጫን ታየው። ገብርኤል የራሱን ይጠብቃል ሲል አሰበ። አፉንም ገጠመ። ዐይኑን ከወንድሙ ዐይን አንሥቶ ወደ ደመናው መለሰ።

በላይ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠረው። ገመዱን በችኮላ ወገቡ ላይ አሰረ። በብብቱ ሥር ማሰር ነበረበት፤ ነገር ግን ጆንያ ሲሞላ ክንዱን እንዳይዘው ብሎ ተወው። አማተበ፤ ደረቱን በአየር ሞልቶ ትንፋሹን ያዘና በጉድጓዱ አንገት ሾልኮ ወረደ።

ገመዱን የያዙት አደምና ዘይኑ ናቸው። ፈቃደ በሆዱ ተኝቶ ወደ ውስጥ ያያል። በላይ ማሽላው ላይ ቆመ፤ ጉንጮቹ ተነፍተው ወደ ላይ አየና ወንድሙን ጠቀሰው። ከዚያ ጆንያውን ዘርግቶ ጎንበስ አለ። በሁለት እጁ ያፍስ ጀመር፤ የማሽላው ፍሬ ሲፈስ ሿ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ድምፁ ቆየ። ከዚያ ቆመ።

«በላይ!» አለ ፈቃደ።

በላይ እንዳጎነበሰ ነው። ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው፣ ግንባሩን ማሽላው ላይ አሳረፈ።

«ሳቡ! ሳቡት!»

ሁለቱ ሳቡ። በላይ ተነሣ፤ ዳሩ ግን ገመዱ በወገቡ ስለ ነበረ እንደ ተጣጠፈ ልብስ ራሱና እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥለው፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ መጣ። እንዲሁ ሆኖ ከጉድጓዱ አንገት ሥር ሲደርስ ተወተፈ። ቢስቡት አይወጣም፤ ቢለቁት ተመልሶ ይወድቃል። ራሱ ገና በዚያ በማይታየው ነገር ውስጥ ነው። ፈቃደ እጁን ሰድዶ ጀርባውን ነካው፤ ላቡ ትኩስ ነበር፤ ከላቡ በታች ያለው ሥጋ ግን ምንም አይልም። አይነሣም፣ አይወድቅም።

ፈቃደ በዚያች ቅጽበት የተሰማውን ፍርሃት ከዚያ በፊት አያውቀውም። ድህነትን ሲፈራ ዕድሜውን ሙሉ ኖሯል፤ ያ ፍርሃት ግን ሮጦ እንዲሠራ፣ እንዲገዛ፣ እንዲቆልፍ ያደርገው ነበር። ይህኛው ግን የሚያደርገውን አሳጣው። ራሱን ወደ ጉድጓዱ ሊወረውር ሲል ኡሚ ከየት እንደ ደረሱ ሳይታወቅ ነጠላውን ከኋላው ጨምድደው ያዙት።

«አንተም ግባና ጉድጓዱን ክደነው! የት ትገባለህ?» አሉና ወደ ኋላ ጎተቱት።

አደም ገመዱን በክንዱ ጠምጥሞ፣ ጥርሱን ነክሶ ጮኸ። «አንገቱን ማፍረስ ነው! ፈቃደ! ካፈረስነው ጎርፉ ይገባል፤ እህሉ አይተርፍም። የአንተ ጉድጓድ ነው፤ ቃል ስጥ!»

ቃል ስጥ ተባለ፤ ቃል ግን ከፈቃደ አልወጣ አለ። ምላሱ እንደ ጨርቅ ሆነ። ቀድሞ ቃሉን በፈቃዱ ውጦታል፤ አሁን ቢፈልገው አጣው። ሁሉም ያዩታል፤ ዝናቡ መሬቱን መደብደብ ጀምሯል፤ ወንድሙ በገመድ ተንጠልጥሏል። ኋላ ሲያስበው ከሁሉ የሚያንቀጠቅጠው ይህ ነበር፤ በዚያች አፍታ እንኳ፣ ከአእምሮው በአንዱ ጥግ፣ ማሽላው ታይቶታል።

«ያ ረቢ! ይህ ሰው ደንዝዟል!» አሉ ኡሚ። «አፍርሱት፤ ጥፋቱ በእኔ አንገት!»

ያን ጊዜ ፈቃደ ተፈናጥሮ ዶማውን ከመሬት ነጠቀ። «በእኔ አንገት ነው!» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «አፍርሱ! ሁሉንም አፍርሱ!»

በዶማ የጉድጓዱን አንገት በጎን በኩል ይንደው ጀመር። ድንጋዩ በወንድሙ ላይ እንዳይወርድ ዶማውን ጥሎ በእጁ እየነቀለ ወደ ውጭ ይወረውራል። ጥፍሩ ተነሥቶ ደሙ ከጭቃው ጋር ተለወሰ። አንድ ድንጋይ አምልጦ ከበላይ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ በላይ ግን አላቃሰተም። ድንጋይ መትቶት ዝም ማለቱን ሲያይ ፈቃደ እንደ ሕፃን ጮኸ። ኡሚም በአጠገቡ ተንበርክከው በባዶ እጃቸው አፈሩን ይዝቁ ነበር። በመጨረሻ የአንገቱ ግማሽ ተንዶ ሰፋ፤ አደምና ዘይኑ አንድ ላይ ሳቡ፤ በላይ በጭቃ ተለውሶ ወጣ።

በጀርባው አስተኙት። ከንፈሩ ጠቁሯል። ዐይኑ እኩሌታው ተገልጦ ነጩ ብቻ ይታያል። ዝናቡ አሁን በኃይል ወረደ፤ ከጉብታው በላይ የመጣው ጎርፍም የተናደውን አፍ አግኝቶ ወደ ጉድጓዱ ይፈስ ጀመር። ዘይኑ እንደ ልማዱ ሸራውን ጎትቶ ወደ ጉድጓዱ ሮጠ።

«ተወው!» አለ ፈቃደ። «ወዲህ አምጣው! ለበላይ!»

ሸራውን በበላይ ላይ እንደ ድንኳን ያዙለት። አደም ደረቱን እያሻሸ፣ ፊቱን እየመታ፣ «በላይ! ኮቱ፣ ተመለስ!» ይላል። ኡሚ በጨርቅ ያራግባሉ፤ ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀሳል። ፈቃደ የወንድሙን ራስ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁልቁል ያየዋል።

ከዚያ ይጸልይ ጀመር። «ገብርኤል ሆይ፣ ይህን ብታድንልኝ...» አለና ቆመ። የሚቀጥለው ቃል ምን ነበር? ቆርቆሮ? በሬ? ሱቁን? የሚሰጠውን ነገር ሲፈልግ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ሌላ ጸሎት እንደማያውቅ ተገለጠለት። ከሰማይ ጋር ሲገበያይ ኖሯል፤ አሁን የያዘው ሁሉ ለዚህ ለአንዱ ትንፋሽ የማይመጥን ሆኖ አገኘው። ይህም አዲስ ፍርሃት ሆነበት፤ ለመለመን እንኳ አላዋቂ ነበርና። «አላውቅም» አለ ጮክ ብሎ፣ ሰው መስማቱን ሳያስብ። «ምን እንደምልህ አላውቅም። አንተ አስተምረኝ። ልብ ስጠኝ።»

ምንም አልሆነም። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። አደም እጁ ዝሎ ለዘይኑ ቦታውን ለቀቀ። ኡሚ ማራገባቸውን አቁመው ልጃቸውን አዩት፤ ልጃቸውም አያቸው። ያን የሁለቱን መተያየት ፈቃደ አየ፤ ምን ማለት እንደሆነም ገባው። የወንድሙን ራስ አጥብቆ ያዘ። ጸሎቱን ግን አልለወጠም፤ ዋጋም አልጨመረበትም። «አላውቅም፤ ልብ ስጠኝ» እያለ ደጋገመ።

የበላይ ጉሮሮ ድምፅ አሰማ፤ ጠጠር እንደሚንከባለልበት ያለ። ደረቱ አንዴ ተነሣና ወደቀ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። እንደገና ተነሣ። ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አስታወከ፤ በኃይል ያቃስትም ጀመር።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ኡሚ፣ ጭቃው ላይ ተቀመጡና አለቀሱ።

በበዓሉ ቀን ፈቃደ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። በላይን ወደ አደም ቤት አስገብተው ከእሳቱ አጠገብ አስተኝተውታል፤ ይተነፍሳል፣ ዐይኑን ይገልጣል፣ ነገር ግን አይናገርም። ፈቃደ ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኑ አልዞረም። ወንድሙ ትንፋሹን ባረዘመ ቁጥር ጆሮውን ወደ አፉ ያስጠጋ ነበር። አእምሮው ተመልሶ ይሆን? ያውቀኝ ይሆን? እያለ ይፈራል።

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ባንተይርጋ ወሬውን ሰምተው በበቅሎ መጡ። አደም በሩ ላይ ተቀብሎ አስገባቸው። ጸበል ይዘው ነበርና በላይን ረጩት፤ ከዚያ ፈቃደን አዩት። እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«አባቴ፣ ስእለቴን የምፈጽምበት የለኝም» አላቸው። «እህሉ ጠፍቷል። ሲቦካ ጠዋት ሸትቶኛል።»

«ቆርቆሮውን እግዚአብሔር በፈለገው ጊዜ ያመጣዋል። እስከዚያው ዲያቆኑ አንገቱን ይጠብቅ» አሉ። ከትናንት በስቲያ የተናገሩትን አላነሡም።

ያን ጊዜ ከመኝታው ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ። «ጋሼ።»

ፈቃደ ደንግጦ ጎንበስ አለ። «አለሁ፣ በላይ፤ አለሁ!»

በላይ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ ተናገረ። «ከመውረዴ በፊት... አይቼህ ነበር። ዐይንህን ጠብቄ ነበር።» አረፈ። «ደመናውን ስታይ ሳታየኝ ቀርተህ ነው፤ አይደል?»

መልሱን በላይ ራሱ አቅርቦለታል፤ «አዎ» ማለት ብቻ ይበቃል። ማን ያውቅበታል? ለፈቃደ ከሀብቱ ሁሉ አሁን የቀረችው በዚህ ሰው ልብ ውስጥ ያለችው ክብሩ ናት፤ እሷን ከሰጠ ባዶውን ይቀራል። ያ የጥንቱ ፍርሃት ከነሙሉ ኃይሉ ተመለሰበት።

«አይቼሃለሁ» አለ። «ቃል እንደምትጠብቅ አውቄ ነበር። ‹ተው› ልልህ አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። ማሽላው አሳሳኝ፤ በላይ። ለእሱ ስል ነው ዝም ያልኩት።»

በላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አደም መሬት መሬት ያይ ነበር። ቄሱ መስቀላቸውን በእጃቸው ጨበጡ። ፈቃደ ጠበቀ። ወንድሙ ባይመለስለትም የሚገባው መሆኑን አውቆ፣ ይህንኑ እየፈራ ጠበቀ።

ብዙ ቆይቶ በላይ፣ «ውሃ» አለ። ፈቃደ ቅሉን አስጠጋለት፤ በላይ ሊይዘው ቢሞክር ጣቶቹ አልታዘዙለትምና ፈቃደ ይዞ አጠጣው። ሲጨርስ በላይ በቀሰስተኛ ድምፅ፣ ሳያየው፣ «ይህን ለአመልማል እንዳትነግራት» አለ። «እሷ እንደ እኔ አይደለችም። እስክትሞት አትተውህም።»

ዘይኑ በዚያው ጊዜ በበሩ ብቅ ብሎ፣ «ሰው የላክንባት አመልማል መጣች፤ ቁልቁለቱን እየሮጠች ነው የምትወርደው!» አለ።

ፈቃደ ተነሣ።

«ጋሼ፣ አልሰማኸኝም?» አለ በላይ።

«ሰምቼሃለሁ» አለ ፈቃደ። «እሷም ከእኔ መስማት አለባት።»

በሩን ከፍቶ ወጣ። ጭቃው እግሩን ይይዘው ነበር። አመልማል በጉብታው ላይ ስትታየው አፉ ደረቀ፤ ቢሆንም ወደ ኋላ ሳያይ ሊገናኛት ወደ እሷ ሄደ።